ኩባንያን በፌዝ ስም ስለ መጥራት

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በሰሚት ሰፈር ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበ ጊዜ የሚነሣውን ጨዋታ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ኑሮ ውድነት የሚባለው ከተባለ በኋላ ወሬው ወደ ስልክ፣ ወደ መብራት፣ ወደ ኢንተርኔትና በእጅ ስልክ ወደሚታየው ነገር ሁሉ ያዘነብላል። በዚያን ጊዜ የድርጅቶቹ እውነተኛ ስም ከቤት ይወጣና በምትኩ የፌዝ ስም ይገባል። አንዱ ኩባንያ በእንስሳ ስም፣ ሌላው በሌባ ስም፣ ሦስተኛውም በአጋንንት ስም ይጠራል። ስሞቹን እዚህ ላይ መድገም አያስፈልግም፤ አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ አሳምረው ያውቋቸዋልና። ከመካከላቸው የሚያስቁ እንዳሉባቸውም አንክድም።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ሰዎች ማይክሮሶፍት የተባለውን ኩባንያ ስም ሲጽፉ በአንደኛው ፊደል ፈንታ የዶላርን ምልክት ያስገቡበታል፤ ገንዘብ ወዳድ ነው ለማለት ነው። ዊንዶውስ የተባለውንም ሥራውን «ማንቀላፋት» ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አዳቅለው «ዊንዶዝ» ይሉታል። ይህ ፌዝ ከተጀመረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ኩባንያውም በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ በዓለም ካሉት ባለጸጎች ድርጅቶች አንዱ ሆነ። በስሙ ላይ ዶላሩን የጻፉበት ሰዎች ራሳቸው ብዙዎቹ ስድባቸውን የጻፉት በእርሱ መሣሪያ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ወር ልንመረምር የፈለግነው ይህ ልማድ በክርስቲያን ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ነው። ቀላል ነገር ነው ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ለእኛ ግን ቀላል ሆኖ አልታየንም፤ ምክንያታችንም በአብዛኛው ከራሳችን አገር ታሪክ የተወሰደ ነው።

በቅድሚያ ቅጽል ስም ሁሉ ስድብ እንዳልሆነ መናገር ይገባል። ሕፃን በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ የክርስትና ስም ይቀበላል፤ እናቱ ሌላ ታወጣለታለች፤ ጓደኞቹም ሦስተኛ ይጨምሩለታል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። የአዲስ አበባ ሕዝብም ተሳፋሪዎቿ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡባትን ታክሲ «ውይይት» ብሎ የሰየማት ማንንም ሳያስቀይም ነው። ባለ ሦስት እግሯም ተሽከርካሪ የሕንዱን ፋብሪካ ስም እንደ ያዘች «ባጃጅ» ሆና ቀርታለች።

ለሰሚት ነዋሪዎች ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ጎረቤት የሆነው ሰፈር ሲኤምሲ ይባላል። ሲኤምሲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ራቬና በተባለች የኢጣሊያ ከተማ የተመሠረተ ማኅበር ስም ነው፤ ፊደሎቹ ሲፈቱ «የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር» እንደ ማለት ነው። ድርጅቱ ወደ አገራችን መጥቶ በሠራበት ዘመን የሰፈረበት ቦታ በስሙ ቀረ። ዛሬ ምእመናን «ሲኤምሲ ሚካኤል ልሳለም ሄጄ ነበር» ሲሉ የመልአኩን ስም ከኢጣሊያ ግንበኞች ማኅበር ስም ጋር አጣምረው እንደሚጠሩ ልብ አይሉትም። ቅዱስ ሚካኤልም በዚህ የሚቀየም አይመስለንም።

እንግዲህ የምንነቅፈው የስም መውጣትን ሳይሆን፣ ያላወቁትን ወይም የተቀየሙትን ነገር በመሳለቂያ ስም ጠርቶ ነገሩ እንዳለቀ መቁጠርን ነው። ይህ ልማድ በአገራችን ጥንታዊ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ በገባ ጊዜ፣ ከሽቦው ውስጥ የሚወጣው ድምፅ የአጋንንት ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት ነበሩ ይባላል። ንጉሡ ግን ስልኩን አላስነቀሉም። ሲኒማ በመጣ ጊዜም ሕዝቡ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው፤ ይህም ስም በአዲስ አበባ ሽማግሌዎች አፍ ብዙ ዘመን ኖሯል። በዚያ ቤት ሊታይ የማይገባ ነገር ይታይ እንደ ሆነ ወይም አይታይ እንደ ሆነ በጥሞና የመረመረ ግን ጥቂት ነበር። ስሙ ምርመራውን ተካው። «ሰይጣን ቤት» ያለው ሰው ወይ ፈርቶ አልገባም፤ ወይም ተደብቆ ገባ፤ ከሁለቱ አንዱም ለልጁ የትኛው ፊልም መልካም፣ የትኛው ክፉ እንደ ሆነ ሊነግረው አልቻለም። ዛሬስ ልጆቻችን በእጅ ስልክ የሚያዩትን በአንድ የስድብ ስም ጠቅልለን ስንወረውረው ከዚህ የተለየ ነገር እያደረግን ነውን?

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በእጅ ጥበብ ሰዎች ላይ የተደረገው ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ሲከፋም ቡዳ ተባለ። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሌላው ቀርቶ ብራና ላይ የሚጽፈው ጸሐፊ ጠንቋይ ተባለ። አንባቢ ሆይ፣ እስኪ በቤትህ ያለውን ዳዊት አንሥተህ ተመልከተው። የጥንቱ ዓይነት ቢሆን ብራናውን የፋቀው፣ ማኅደሩን የሰፋው፣ ቃሉን የጻፈው እጅ ሁሉ የስድብ ስም የተለጠፈበት እጅ ነው። በካህኑ እጅ ያለውን መስቀል የሠራው አንጥረኛ፣ ለቅዳሴ የሚለበሰውን የሸመነው ሸማኔም እንደዚሁ ነው። ምእመኑ መስቀሉን ተሳልሞ ሲወጣ መስቀሉን የሠራውን ሰው ጥላ ይሸሽ ነበር። የናዝሬት ሰዎችም ጌታችንን ሊያቃልሉት በፈለጉ ጊዜ ያነሡበት የጠራቢ ልጅ መሆኑን ነበር፤ ሥራን ስድብ ማድረግ በዚያም አገር ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገሪቱን እንደሚጎዳ ተረድተው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መሳደብን የሚከለክልና የሚሳደበውን ሰው ቅጣት እንደሚያገኘው የሚያስጠነቅቅ ነበር። አንድ ንጉሠ ነገሥት፣ ጦርነትና ድርድር፣ የባቡር ሐዲድና የከተማ ሥራ በተደራረበበት ጊዜ፣ ስለ ቅጽል ስም አዋጅ ለማውጣት የተገደደው ለምን ይመስላችኋል? ስሙ ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ አዋጅ ባላስፈለገው። ስድቡ የሠራተኛውን ልጅ ከአባቱ ሙያ አባረረው፤ የባለርስቱንም ልጅ ወደ ሙያው እንዳይገባ ከለከለው። እንዲህ ሆኖ ብረትን ከአፈር አንጥሮ ያወጣ የነበረ ሕዝብ መርፌን ከውጭ የሚገዛ ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ ስድብ ብቻ ነው አንልም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ግን አዋጁ ራሱ ይመሰክራል።

ዛሬ በኩባንያዎች ላይ የምናሾፈው ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። የሚያገናኘው ሁለቱም የመሣሪያውን አሠራር ከማወቅ የሚያስጥሉ በመሆናቸው ነው። ልጅ ስለ አንድ ትልቅ ድርጅት ከወላጆቹ የሚሰማው ነገር መሳለቂያ ስሙ ብቻ ከሆነ፣ ያንን ነገር ለመሥራት ከመመኘት ይልቅ ሲጠቀምበት እየሰደበ መኖርን ይማራል። የስልኩ ማማ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው፣ ገንዘቡ በምን እንደሚሰላ የጠየቀ ልጅ ሳቅ ከሚፈጥር ስም በቀር መልስ አያገኝም። የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ነው፤ በስልካችን መስኮት የምናነበው የግዕዝ ፊደል እዚያ የደረሰው በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በመግባቱ ነው። ያ «ዊንዶዝ» የሚባለውም ሥራ በ2007 ለሕዝብ ባቀረበው እትሙ ውስጥ ለፊደላችን የተዘጋጀ፣ በአገራችን አጋዘን ስም «ኒያላ» የተባለ የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ይህን የምንጠቅሰው ኩባንያው ውለታ ዋለልን ለማለት አይደለም፤ ነግዶበታልና። ነገር ግን ልጆች የሚሰሙት ስድቡን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢሆን ደግ ነው።

መሳለቂያ ስም ሌላም ጉዳት አለው፤ በደለኛውን ይደብቃል። ብዙ ዓመት ሳይሆን አይሱዙ የተባለው የጭነት መኪና በየመንገዱ ሰው በሚፈጅበት ጊዜ ሕዝቡ «አልቃይዳ» አለው። የቻይናውንም ቀይ ገልባጭ መኪና፣ ሲኖትራክን፣ «ቀይ ሽብር» አለው። እነዚህ ስሞች ከሐዘን የወጡ ስለ ሆኑ በቀላሉ አንነቅፋቸውም፤ ቀይ ሽብርን በዓይኑ ያየ ሕዝብ ስሙን በመኪና ላይ ሲለጥፍ በቀልድ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ስሙ ምን አደረገ? አደጋውን ከሹፌሩ፣ ከባለንብረቱና ከተቆጣጣሪው ትከሻ አንሥቶ በመኪናው ላይ ጫነው። ሹፌሩ እንቅልፍ ሳይተኛ ሌሊቱን ሙሉ የነዳው ለምንድን ነው? ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ እንዲደርስ ማን አስቸኮለው? ልጓሙ የተመረመረው መቼ ነው? ገልባጩ የሚከፈለው በምልልሱ ብዛት ከሆነ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሹፌር ምን ይበላል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ቢያገኙ ሰው ይተርፍ ነበር። «አልቃይዳ» ያለ ሰው ግን ጥያቄውን ሁሉ እንደ መለሰ ሆኖ ይሰማዋል። አይሱዙ በጃፓን አገር ያለ የአንድ ወንዝ ስም ነው። ወንዙ ኢሴ በተባለው በታላቁ መቅደሳቸው አጠገብ ያልፋል። ይህ እዚህ ላይ የሚጠቅመን ነገር ባይኖርም፣ እነርሱ የወንዛቸውን ስም የሰጡት መኪና በእኛ መንገድ ላይ ምን ተብሎ እንደ ተጠራ ስናስብ አንዳች ሐዘን ስለሚሰማን አነሣነው።

አንድ ወዳጃችን ይህን ባነሣንለት ጊዜ እንዲህ ሲል ተከራከረን፤ «ወንድምን መሳደብ ኃጢአት ነው። ኩባንያ ግን ነፍስ የለው፣ አልተጠመቀ፣ አይቆርብ፤ ቢሰደብ ምን ይሆናል?» ክርክሩ ብልሃት ያለበት ነው። በወንጌል ወንድሙን ጨርቃም የሚል ሰው ፍርድ እንደሚጠብቀው የተነገረው ስለ ወንድም መሆኑም እውነት ነው። ሆኖም በይሁዳ መልእክት የተጻፈውን እናስታውሰው። ቅዱስ ሚካኤል ስለ ሙሴ ሥጋ ከዲያብሎስ ጋር በተከራከረ ጊዜ የስድብ ቃል ሊናገረው አልደፈረም፤ ፍርዱን ለጌታ ተወ። ዲያብሎስ ስድብ የማይገባው ሆኖ አይደለም። መልአኩ የራሱን አንደበት ጠበቀ፤ ከክርክሩ ግን አልተመለሰም፤ የመጣበትንም ጉዳይ ፈጸመ። ወር በገባ በ12 ቀን የሚዘክሩት ቤተ ሰቦች ይህን ቢያስቡት መልካም ይመስለናል።

ደግሞም ኩባንያ ነፍስ ባይኖረው፣ የሚሠሩለት ሰዎች ነፍስ አላቸው። በሰሚት የምናውቃት አንዲት ወጣት በአንድ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ስልክ ስትመልስ የምትውል ናት። የድርጅቱን ስም አንጠቅስም። በአንድ በዓል ቀን ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ተሰብስቦ ሳለ፣ የአባቷ ጓደኛ የሆኑ ሰው ገና ከበሩ ስትገባ ድርጅቱን በሚያሾፉበት ስም ጠሯትና «ነይ እስኪ፣ ገንዘቤን የት አደረሳችሁት?» አሏት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ልጅቱም ጎንበስ ብላ እጅ ከነሣች በኋላ «ጋሼ፣ የተቆረጠብዎ መቼ ነው? በስንት ጊዜ ስንት ይቆረጥብዎታል?» ስትል ጠየቀቻቸው። ሰውየው ቀኑንም፣ ልኩንም አያውቁትም። ሦስት ወር ሙሉ በየደረሱበት ሲሳደቡ ከርመው አንድ ቀን እንኳ ሒሳባቸውን አላዩትም ነበር። ስልካቸውን ተቀብላ ስትመለከተው በአጭር ቁጥር የሚላክ የዕለት መልእክት ሳያውቁት ተመዝግበው ኖሮ፣ በየቀኑ ጥቂት ገንዘብ የሚቆረጠው ለዚያ ሆኖ ተገኘ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አስቆመችላቸው። የተቆረጠውን ለማስመለስ ግን ቀኑንና ልኩን የሚገልጽ ማመልከቻ ያስፈልጋቸው ነበር። «አሁን እንግዲህ ማን ይጽፈዋል» ብለው ተዉት፤ በሚቀጥለው እሑድም ያንኑ ስም ሲጠሩ ተሰሙ።

እኚህ ሰው ክፉ ሰው አይደሉም። መሳለቂያ ስሙ ቁጣቸውን አብርዶላቸዋል፤ የበረደ ቁጣ ደግሞ እስክሪብቶ አያነሣም። ከሰውየው ስድብ የተጠቀመ ቢኖር ድርጅቱ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ ሺህ ስድብ ይልቅ አንድ የተጻፈ አቤቱታ ያሳስበዋል።

የበደሉ ልክ እጅግ ከፍ ያለ በሆነ ጊዜም ይህ ይበልጥ ይታያል። ፌስቡክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጥቅምት 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ስሙን ለውጦ «ሜታ» መባሉን አስታወቀ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ከዚያ ማዶ» እንደ ማለት ያገለግላል። በእኛ አገር ግን ሜታ ሲባል የሚታወሰው የሰበታው ቢራ ስለ ነበረ ብዙ ተቀለደበት። በዚያው ሳምንት፣ ጥቅምት 24 ቀን፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ወጥተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ማመልከቱን ይናገራል።

ይህ ልጅ ኩባንያውን በማንኛውም የስድብ ስም ቢጠራው የሚፈርድበት ሰው አይገኝም ነበር። እርሱ ግን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች አመልካቾች ጋር ሆኖ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረበ። አቤቱታው ኩባንያውን የጠራው በተመዘገበበት ስም ሲሆን የተጻፈው፣ ያልተነሣው፣ የሆነው ሁሉ በየቀኑ ተዘርዝሮ ቀረበ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት በእርሱ ላይ ሥልጣን የለውም ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። የክርክሩ ፍጻሜ ምንም ይሁን ምን፣ በዓለም ካሉት ኃያላን ድርጅቶች አንዱ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ሞት በአፍሪካ ምድር መልስ እንዲሰጥ ተጠይቋል። በእነዚያ ዓመታት በየቡናው ላይ ስንት የፌዝ ስም እንደ ወጣለት እናውቃለን፤ ለአንዱም መልስ አልሰጠም፤ እንዲሰጥም የጠየቀው የለም።

ታዲያ በየቤታችን ምን እናድርግ ለሚሉ አንባቢዎች ጥቂት ነገር እንጨምራለን። መጀመሪያ እውነተኛውን ስም ማወቅ ነው። ይህ ከሚመስለው በላይ ይጠቅማል። ብዙ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ዛሬም «መብራት ኃይል» እያለ ይራገማል፤ በዚህ ስም ይታወቅ የነበረው ድርጅት ግን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። ኃይል የማመንጨቱንና በትልልቅ መስመሮች የማስተላለፉን ሥራ የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ በየቤቱ የሚያከፋፍለውንና ሒሳብ የሚሰበስበውን የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በደጃችሁ ያለው ትራንስፎርመር የተቃጠለባችሁ እንደ ሆነ አቤት የምትሉት ለሁለተኛው ነው። እንደዚሁም ስልክን ሁሉ «ቴሌ» ማለት ቀርቷል፤ የዱሮው ኮርፖሬሽን ከኅዳር 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ስለ ጀመረ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው የማን ደንበኛ እንደ ሆነ ለይቶ መናገር አለበት። ሁለቱንም የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ደንበኛው በመጀመሪያ ለድርጅቱ አመልክቶ መልስ ካላገኘ ወይም በመልሱ ካልረካ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል።

ልጆችንም በስሞቹ ማጫወት ይቻላል። ጉግል የተባለው ስም ከአንድ ቁጥር ስም የመጣ ነው፤ አንድ ጽፈን አንድ መቶ ዜሮ ብናስከትልበት የምናገኘው ቁጥር ነው። አማዞን በደቡብ አሜሪካ ያለ ታላቅ ወንዝ ነው። ሲኤምሲ ግንበኞች መሆናቸውን ከላይ ተናግረናል፤ በሰሚት ያለ ልጅ ይህን ቢነገረው በሰፈሩ አውቶቡስ ሲያልፍ የሚያስበው ነገር ያገኛል። አንዲት እናት «ስሙን ካወቀ በኋላ ቁጥሩን ጻፍልኝ ብሎ ዜሮውን ሲቆጥር አመሸ» ብላናለች፤ ሒሳቡ ከስድብ ይሻላል ስንል አልተሳሳትንም።

ማመልከቻ መጻፍ ለሚከብዳቸው ደግሞ፣ ረጅም መሆን የለበትም። ስማችሁን፣ የስልክ ወይም የቆጣሪ ቁጥራችሁን፣ ነገሩ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት፣ የተቆረጠውን ገንዘብ ልክ፣ የምትጠይቁትንም ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ምሬቱን ለንስሐ አባታችሁ፣ ቁጥሩን ለድርጅቱ ንገሩ። ግልባጩን ከደረሰኙ ጋር በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ አኑሩት፤ በብዙ ቤት እንደሚደረገው ከፍራሽ ሥር ሳይሆን፣ ልጆች በማይነኩት መሳቢያ ውስጥ ቢሆን ይሻላል።